በ2019 ዓ.ም. ሠርግ ለምትደግሱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የሚጠይቁት የሠርግ ቀን ስለ መቁረጥ ነው። አራቱን መርጬ መልስ ሰጥቻለሁ። የጠቀስኳቸው የአጽዋማትና የበዓላት ቀናት በባሕረ ሐሳብ የተሰሉ ናቸው፤ የረመዳን መግቢያ ግን ጨረቃ ስትታይ የሚረጋገጥ በመሆኑ በአንድ ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ሽማግሌ ልኮ እሺታ አግኝቷል። እኛ የምንኖረው ደሴ ሲሆን፣ የሙሽራዋ ወላጆች በለጋምቦ ወረዳ ደጋ ላይ በእርሻ ይተዳደራሉ። ሁለታችንም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ነን፤ ነገር ግን የባለቤቴ እናት ወገኖች ሙስሊሞች በመሆናቸው ከምንጠራው ሰው ሲሶ ያህሉ ሙስሊም ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ «ጥር ወይም የካቲት አድርጉት» ይለናል። በሁለቱ ወራት መካከል የሚያስመርጥ ልዩነት አለ? (የሙሽራው አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልዩነት አለ፤ በተለይ በ2019 ዓ.ም. እንደ እርስዎ ላለ ቤተሰብ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጥር የሠርግ ወር ሆኖ የኖረበት ምክንያት ግልጽ ነው። የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ እፎይ ብሏል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ዳሱን የሚያበሰብስ ዝናብ የለም፤ የገና ጾም ተፈቷል፤ ሁዳዴም ገና አልገባም። ይሁን እንጂ ሁዳዴ የሚገባበት ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ከጥምቀት እስከ ቅበላ ያለው የሠርግ ወቅት አንዳንድ ዓመት ረዥም፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ እጅግ አጭር ይሆናል። ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል፤ ሁለት ሳምንት የሚቀድመው ጾመ ነነዌም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በ2018 ዓ.ም. ነነዌ ጥር 25፣ ሁዳዴ ደግሞ የካቲት 9 የገቡ በመሆናቸው፣ ከጥምቀት በኋላ ለደጋሽ የተረፉት እሑዶች አራት ብቻ ነበሩ። በ2019 ዓ.ም. ግን ነነዌ የካቲት 15፣ ሁዳዴ የካቲት 29 ስለሚገቡ፣ ከጥር 16 እስከ የካቲት 28 ድረስ ሰባት እሑዶች ይገኛሉ። የሰፈሩ ሰው ሁለቱን ወራት አንድ ላይ የጠራልዎ ይህን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ከሰባቱ እሑዶች አራቱ የየካቲት ናቸው፤ ረመዳንም በዚያ ዓመት የካቲት 1 ገደማ ገብቶ ወሩን ሙሉ ይዘልቃል። ሙስሊም ዘመዶችዎ በረመዳን ቢጠሩ ከዝምድናቸው የተነሣ እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ነገር ግን በወሎ ሠርግ ቤት ለእነርሱ የሚደረገውን መሰናዶ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ሰንጋው በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱና ጭልፋው ይለያል፣ ወጥ የምትሠራውም ከራሳቸው ወገን ትመረጣለች። ያ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሲያበቃ፣ እኩለ ቀን ላይ ሌላው እንግዳ ሲጎርስ ሲሶው ሕዝብ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ተቀምጦ ጀምበር እስክትጠልቅ ሲጠብቅ ማየት ለደጋሽም ለተጋባዥም ደስ አይልም። ስለዚህ የካቲትን ሙሉ በሙሉ ቢተዉት ይሻላል።

ሙስሊም ዘመድ ለሌላቸው ደጋሾችም ቢሆን ከየካቲት እሑዶች ሁለቱ እንከን አለባቸው። የሠርግ ቀን የሚቆረጠው ለሠርጉ ብቻ አይደለም፤ መልሱና ቅልቅሉም የሚውሉበት ቀን ያስፈልጋቸዋል። የካቲት 14 ቢሰረግ ማግስቱ ነነዌ ነው፤ የካቲት 28 ቢሰረግ ማግስቱ ሁዳዴ ነው። ብዙ ሰው የቅበላን እሑድ የሚመርጠው «ከጾሙ በፊት ደርሰን» በሚል ስሜት ቢሆንም፣ ሰኞ ጠዋት የሚተርፈውን ዶሮ ወጥና ሥጋ የሚበላ አይገኝም፤ የሙሽራዋ እናትም መልስ የምትጠራው በሽሮና በምስር ይሆናል፤ አለዚያም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ትጠብቃለች።

የሚቀሩልዎት ጥር 16፣ ጥር 23 እና ጥር 30 ናቸው። ጥር 16 ከጥምቀት በኋላ በአምስተኛው ቀን ይውላል። ጠላው የሚጠነሰሰውና ቅመሙ የሚዘጋጀው ጎረቤቱ ሁሉ በራሱ በዓል በተጠመደበት ሳምንት ስለሚሆን ረዳት እጅ ያጥርዎታል፤ ካህናቱም ከጥምቀቱና ከቃና ዘገሊላው ሽኝት ድካም ገና አልወጡም። ጥር 30 ደግሞ የረመዳን ዋዜማ ሊሆን የሚችል ቀን ነው፤ ሠርጉ ቢሳካ እንኳ መልሱ ረመዳን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥር 23 እሑድን ይቁረጡ። መልሱ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊውል ይችላል፤ ረቡዕ ጾም መሆኑን ብቻ አይርሱ።

ለዚህ ቀን ከአሁኑ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ዐርብ ዕለት ትውላለች። ሽንኩርት የሚልጡትና የሚከትፉት ሴቶች በዚያ ቀን ሥራ አይነኩም፤ እሑድ ለሚቀርበው ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ቀድሞ ተልጦና ተከትፎ፣ ቁሌቱ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መቁላላት አለበት። ስለዚህ የሽንኩርቱ ሥራ ሐሙስ ይለቅ፤ የዕድሩን ድንኳን፣ አግዳሚና ድስትም ሐሙስ ያስመጡ። ዶሮው ቅዳሜ ይታረዳል። ይህን ከወጥ ቤቶቹ ጋር አስቀድመው ካልተነጋገሩ ዐርብ ከሰዓት በኋላ መደናገጥዎ አይቀርም።

የሙሽራዋ አባትም ይህን ቀን የሚወዱት ይመስለኛል። በደሴ ዙሪያና በለጋምቦ ያሉት ደጋዎች በልግ አብቃይ ስለሆኑ፣ ዝናቡ ከቀናው ከጥር መጨረሻና ከየካቲት ጀምሮ ገበሬው ማሳ ላይ ነው። የበልግ ዝናብ በመጣ ጊዜ በሬውን ፈትቶ ሠርግ የሚውል ገበሬ ዘሩን ያሳልፋል፤ ዘመድ ጎረቤታቸውም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚቆጥር ሰው የካቲት የዕረፍት ወር ነው፤ ለበልግ ገበሬ ግን የዘር ወር ነው።

«ካልሆነ ለከርሞ እናድርገው» የሚል ሐሳብ ቢነሣ ግን አይስማሙ። በ2020 ዓ.ም. ረመዳን ጥር 19 ገደማ ይገባል፣ ነነዌ ጥር 29፣ ሁዳዴም የካቲት 13 ይሆናሉ፤ ለእርስዎ ቤተሰብ ከጥምቀት በኋላ የሚተርፈው ያለ እንከን የሆነ እሑድ ጥር 14 ብቻ ነው ማለት ነው፤ እርሱም ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን!

ጥያቄ፦ እኔና እጮኛዬ ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት ወር ለመጋባት አስበናል። አዳራሹ ከጥር ይልቅ በግንቦት ርካሽ ሆኖ አግኝተነዋል። ነገር ግን ያሳደገችኝ አክስቴ «በግንቦት የተጋባ አይበረክትም» ብላ በፍጹም አልቀበልም አለች። ይህ የሃይማኖት ሕግ ነው ወይስ ልማድ? ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምክርዎን እንፈልጋለን። (ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት ስለሆነ ብቻ የምትከለክለው ጋብቻ የለም፤ እንዲያውም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዐርብ ሳይቀሩ የማይጾምባቸው የደስታ ቀናት ናቸው፤ ግንቦት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በከፊልም ሆነ በሙሉ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይገኛል። አባባሉ ከየት እንደ መጣ ስገምት፣ ግንቦት ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚሳሳበትና ለመኸር እርሻ የሚታረስበት ወር በመሆኑ፣ በዚህ ወር የሚደግስ ሰው ወይ ተበድሮ ወይ ለዘር ያስቀመጠውን ነክቶ ነበር የሚደግሰው ብዬ አስባለሁ። አዳራሽ ተከራይቶ በገንዘብ ለሚደግስ የከተማ ሰው ይህ ምክንያት አይሠራም።

ሆኖም በ2019 ዓ.ም. አክስትዎ ብቻቸውን እንደማይሆኑ ይወቁ። ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ስለሚውል፣ ሠርገኛ የሚሻማበት የዳግም ትንሣኤ እሑድ ግንቦት 1፣ በልደታ ዕለት ይሆናል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ውስጥ አንድም እሑድ አይተርፍም። ስለዚህ በዚያ ዓመት «ከፋሲካ በኋላ» ማለት ለእሑድ ሠርገኛ ወይ ግንቦት ወይ ሰኔ ማለት ነው። ግንቦትን የሚፈሩ ቤተሰቦች ሁሉ ወደ ጥርና የካቲት ስለሚገፉ፣ የጥር አዳራሽ እንደሚወደድ የግንቦቱም ዋጋ ዝቅ እንደሚል ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም። በጀት ጠባብ ለሆነበት ሰው ግንቦት 8፣ 15፣ 22 እና 29 መልካም ቀናት ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል የፎቶግራፉን ፕሮግራም ጠዋት ማድረግ ብቻ ያስፈልጋል። ሰኔ 6ም ክፍት ነው፤ ክረምቱ ግን በሩ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ጥያቄው የአክስትዎ ነገር ነው። ያሳደገ ሰው ፊቱን አጥቁሮ የሚቀመጥበት ሠርግ ከአዳራሹ ቅናሽ ይበልጥ ዋጋ ያስከፍላል። እርስዎ ቁጭ ብለው አይከራከሯቸው፤ የንስሐ አባታቸው ቡና ጠጥተው በእርጋታ ቢያስረዷቸው ይሻላል። እርሳቸውም አልሆን ካላቸው፣ ሰው እምብዛም የማያስታውሰው ሌላ ወቅት አለ፤ እርሱም የፈቃድ ጾም የሆነው ጽጌ ኅዳር 5 ካበቃ በኋላ፣ የገና ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። በ2019 ዓ.ም. በዚህ መካከል ሁለት እሑዶች ይገኛሉ፤ ኅዳር 6 የቁስቋም ዕለት እና ኅዳር 13። የኅዳር ሚካኤል ቅዳሜ ስለሚውል ኅዳር 13 ለወጥ ቤት አይመችም፤ ኅዳር 6 ግን ሰማዩ የጠራበት፣ ሜዳው ገና ያልደረቀበት፣ አዳራሽም የማይጠፋበት እሑድ ነው። ምሽቱ ስለሚቀዘቅዝ ለሙሽራ ልብስዎ ካባ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ታናሽ እህቴን በ2027 የበጋ ዕረፍት ለመዳር ጁን 26 ቅዳሜ አዳራሽ አይተን ነበር፤ የንስሐ አባታችን ግን «በጾም ተክሊል አይሆንም» አሉን። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት በጁን አጋማሽ ነው፤ እናታችንንም ከአዲስ አበባ ማምጣት እንፈልጋለን። የሚመች ቀን አለ? (የሙሽራዋ እህት)

መልስ፦ አባታችን ትክክል ናቸው። የሰኔ ጾም የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 4 ይዘልቃል፤ መግቢያው ተንቀሳቃሽ፣ መውጫው ቋሚ በመሆኑ በአንዳንድ ዓመት ሰባት ሳምንት ይሆናል። በ2027 ትንሣኤ ሜይ 2 ስለሚውል ጾሙ ከጁን 21 እስከ ጁላይ 11 ነው፤ 21 ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባና ኦገስት 21 ያበቃል። በሁለቱ ጾሞች መካከል ሦስት ቅዳሜዎች አሏችሁ፤ ጁላይ 17፣ 24 እና 31። ከጾሙ በፊት ደግሞ ጁን 19 ቅዳሜ አለ፤ ማግስቱ ጰራቅሊጦስ ሲሆን ሃምሳው ቀን ገና ስላላለቀ እሑድ መልስ ለመጥራት ይመቻል፣ ዕለቱ የጁንቲንዝ በዓል በመሆኑም ዐርብ ለብዙ ሠራተኛ ዕረፍት ነው።

እኔ ግን ጁላይ 24ን እመርጣለሁ። አንደኛ፣ የየትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀን ስለሚለያይ ከሌላ ስቴት የሚመጡ ዘመዶች በጁን 19 ሊያመነቱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የእናታችሁ የቪዛ ቀጠሮና ውጤት እናንተ በምታስቡት ቀን ላይመጣ ይችላል፤ አምስት ሳምንት ቢጨመር ለጭንቀት ማስታገሻ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሠርግ ቀኑን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ከሚደረግበት ከጁላይ 4 ሳምንት ጋር ማያያዝ ይወዳል፤ በ2027 ያ ሳምንት ጾም ውስጥ ስለሚወድቅ አይሞክሩት። ጁላይ 17ም ለዚያ ቅርብ በመሆኑ፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት የማይችል ዘመድ ከሁለት አንዱን ለመተው ይገደዳል።

የሜሪላንድ ጁላይ ወበቅ ከባድ ነው። ሰው በድንኳን ውስጥ ምግብ ለማቅረብ ቢያስብ እንኳ ቁርጡን ከቀዝቃዛ አዳራሽ አታውጡት፤ ክትፎውም በትንሽ በትንሹ ከማቀዝቀዣ እየወጣ ይቅረብ። ተክሊሉ ከቅዳሴ ጋር በንጋት የሚፈጸም ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ቅዳሜ ጠዋት የምትቀድስ መሆኗንና በዚያው ቀን ሌላ ሙሽራ አለመያዙን ለአዳራሹ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። በሦስት ቅዳሜ ላይ የአካባቢው ሙሽራ ሁሉ ስለሚጋፋ ቀድሞ የተመዘገበ ነው የሚያገኘው።

ጥያቄ፦ እኛ የወንጌላውያን አማኞች ስለሆንን የጾም ወራት አይመለከቱንም። መጋቢት 2019 ዓ.ም. አዳራሹም ሙዚቀኛውም በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን የሥራ ባልደረቦቻችን አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ብንጠራቸው ያስቀይማቸዋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጥራቱ አያስቀይምም፤ ሳያስቡላቸው መጥራት ነው የሚያስቀይመው። መጋቢት ሙሉውን ሁዳዴ ነው፤ የጾሙ መጨረሻ ሚያዝያ 23 ነው። ለጾመኞች የሚቀርበው ምግብ ከሌላው ተለይቶ በሌላ ድስት ይሠራ፣ በሌላ ጠረጴዛም ይቀመጥ፤ ወጡ ላይ ቅቤ እንዳይነካ የሚያየው ሰውም ከራሳቸው ከኦርቶዶክሶቹ ይሁን። በሐዋሳ ዓሣ ማቅረብ የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፤ ይሁንና በሁዳዴ ዓሣ የማይበሉ ጾመኞች በርካታ ስለሆኑ በዓሣው ላይ አትመኩ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ አተር ክክና ጎመን በብዛት አሰናዱ። አንዳንዶቹም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ስለሚሆኑ የምሳውን ፕሮግራም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ ትችሉ እንደሆነ እዩ። የሚመጡት ሰዎች ዘፈኑን ቁጭ ብለው ቢያዳምጡና ሳይጨፍሩ ቢመለሱ አትከፉባቸው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ካላችሁ ሚያዝያ 30 ቅዳሜን ተመልከቱ፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ በመሆኑ ሁሉም እንግዳችሁ ከአንድ ትሪ ይበላል። በእሑዱ ዳግም ትንሣኤ ላይ ከሚደግሱት ኦርቶዶክሶች ጋር በአዳራሽና በሙዚቀኛ እንዳትጋጩ ግን ቀብዱን ከአሁኑ ብትከፍሉ ይሻላል።